ስለት፣ ጎዳናና ያረጀ ጎማ

የቅዱስ ገብርኤል በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ የሚታየው ዝግጅት ለሁላችንም የታወቀ ነው። ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን ዳቦ ቆሎውን ይሰንቃል፤ ለስለቱ ያሰበውን ጃንጥላ፣ ጧፍና ዕጣን ይገዛል፤ ነጠላውን አጥቦ ያስቀምጣል፤ ዘመድ ወዳጁንም ተሰናብቶ ይነሣል። ለዚህ ሁሉ የሚተጋ ቤተሰብ ግን በአብዛኛው ጎንበስ ብሎ የማያየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀው መኪና ጎማ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የሰው መዳፍ በሚያህል ስፍራ ብቻ ነው። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ሚኒባስ የሁሉንም ሕይወት በአራት መዳፎች ላይ አሳርፎ ይሄዳል ማለት ነው።

ራስ መኰንን ባሳነጹት በዚያ ደብር ለመሳለም የጥንቱ ምእመን በእግሩና በበቅሎ ሲጓዝ፣ የበቅሎዋን ጀርባ ሳይዳብስ፣ ሰኮናዋን አንሥቶ ሳያይ አይነሣም ነበር። በመንገድ ያነከሰች በቅሎ ባለቤቷን በበረሃ ልታስቀረው እንደምትችል ያውቃልና። ዛሬ በቅሎዋ ተለውጣ መኪና ሆናለች፤ ሰኮናውን የመመልከቱ ልማድ ግን አብሮን አልመጣም። ለዚህም ማሳያ ይሆን ዘንድ በራሳችን የጽዋ ማኅበር የደረሰውን ለአንባቢያን ማካፈል ወደድሁ።

የማኅበራችን ጉዳይ

ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። የማኅበራችን አባላት የሰፈራችንን አንድ ባለ ሚኒባስ ተከራይተን ታኅሣሥ 17 ቀን ማለዳ ወደ ቁልቢ ለመነሣት ተስማምተናል። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው እናት፣ የልጅ ልጃቸው ከጽኑ ሕመም በመነሣቱ መጋረጃ ለማስገባት ተስለው ነበር። የመጋረጃው መግዣ ገንዘብ በእርሳቸውና ባገዟቸው የማኅበሩ አባላት ብዙ ወራት የተጠራቀመ ሲሆን፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በመሆኔ በእኔ እጅ ይገኝ ነበር።

ከጉዞው አንድ ቀን አስቀድሞ ባለ ሚኒባሱ ንፋስ ለማስሞላት ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሲሄድ እኔም አብሬው ሄድሁ። ጎሚስታው ገና ወጣት ነው። ንፋሱን ከመሙላቱ በፊት አራቱንም ጎማዎች ዞሮ ዳበሰና ቀና ብሎ፣

«ጋሼ፣ በዚህ ነው ቁልቢ የምትሄዱት?» ሲል ጠየቀ።

«ምን ሆነ? የፊቶቹ ትንሽ በልተዋል እንጂ የኋላዎቹ ገና አዲስ ናቸው። ዛሬውኑ አቀያይርልኝና የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጣቸው» አለ ባለ ሚኒባሱ።

«የኋላዎቹማ ይብሳሉ።»

«እንዴት ይብሳሉ? ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የተሠሩትም በ2015 ነው፤ ቁጥሩን ራሴ አይቼ ነው የገዛሁት። ገና ሁለት ዓመታቸው!»

ወጣቱ በጎማው ጎን ላይ ያለውን አቧራ በጨርቅ ጠረገና በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ የታተመውን ቁጥር በጣቱ አሳየን። «2315» ይላል።

«ጋሼ፣ ይኼ የፈረንጅ ቁጥር ነው። 2015 የኛ አይደለም፤ በኛ 2007 ነው። እነዚህ ጎማዎች ዐሥር ዓመት ሊሞላቸው ነው» አለው።

በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል

እውነትም ወጣቱ የተናገረው ልክ ነበር። በጎማ ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ከሚገኘው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ያመለክታሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ፣ ሁለተኞቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ። ስለዚህ 2315 ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ማለት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ይሆናል። ቁጥሩ በአንደኛው ጎን ካልታየ በሌላው በኩል ሊገኝ ስለሚችል ከመኪናው ሥር ገብቶ መመልከት ሊያስፈልግ ይችላል። በአራት አኃዝ ፈንታ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ጎማ ከተገኘ ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2000 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነውና ምንም ክርክር አያስፈልገውም።

ዘመኑን ወደ እኛ ለመመለስ ቀላል መንገድ አለ። የሳምንቱ ቁጥር ከ37 የሚያንስ ከሆነ 8 ዓመት፣ 37ና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ዓመት መቀነስ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የጎማውን ዕድሜ በሰባትና በስምንት ዓመት አሳንሶ ይገምታል። ባለ ሚኒባሱም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎማዎቹን ከሁለት ዓመት በፊት የገዛቸው አዲስ ናቸው ተብሎ ሲሆን፣ በእርግጥም ከዚያ በፊት መንገድ አልነኩም ነበር። ይሁን እንጂ ከመሸጣቸው በፊት ዓመታት በመደብር ተቀምጠው ኖረዋል።

ጥርስ ሲያልቅ፣ ዕድሜ ሲያልፍ

ብዙዎቻችን ጎማን የምንመዝነው በጥርሱ ብቻ ነው። ጥርሱ በእርግጥ ዋና ነገር ነው። አዲስ የቤት መኪና ጎማ በአብዛኛው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ ይወጣል። በብዙ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የደረሰ ጎማ በመንገድ ላይ እንዲነዳ አይፈቀድም። ለዚህም ሲባል ፋብሪካዎች በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ትንንሽ ድልድይ የሚመስሉ የጎማ እርከኖችን ያበጃሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከእነዚህ ድልድዮች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ዘመኑን ጨርሷል ማለት ነው። የሚኒባሳችን የፊት ጎማዎች ከዚህ ልክ ደርሰው ነበር።

መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት ወደ ቦዩ አግብቶ የደረሰበትን በጥፍሩ ይዞ በማስመሪያ ሊለካው ይችላል። መለካት ያለበትም በመሐል፣ በውስጥና በውጭ ጠርዝ በኩል ነው። መሐሉ ብቻ የተበላ ጎማ ንፋስ ከልክ በላይ ሲሞላ እንደኖረ፣ ሁለቱም ጠርዞች የተበሉበት ንፋስ ሲጎድለው እንደኖረ፣ አንድ ጠርዝ ብቻ የተበላበት ደግሞ የመኪናው እግር አሰላለፍ እንደተዛነፈ ይመሰክራል። ይህ ካልተስተካከለ አዲስ ጎማ ቢገባም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ዕድሜ ግን ከጥርስ የተለየ ጉዳይ ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ቀስ በቀስ ልስላሴውን እየወሰዱ ያደርቁታል፤ ውስጡ ያሉት ንብርብሮችም እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል ይዳከማል። በርካታ የመኪና አምራቾች ጎማ ከተሠራ በስድስት ዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራሉ። የጎማ አምራቾችም ቢሆኑ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር ከዐሥር ዓመት እንዳያልፍ ያሳስባሉ። በጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ጎማ ዕድሜውን በራሱ ይናገራል። በጎኑ ላይ እብጠት ያወጣ ጎማ ደግሞ በውስጡ ያለው ሸራ የተበጠሰ በመሆኑ ለአንድ ቀን መንገድ እንኳ ሊታመን አይገባውም።

ወደ ቁልቢ የሚወስደው ጎዳና ይህን ድካም የሚፈትን ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚጓዝ መኪና ያለ ዕረፍት በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ከዚያም ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 1000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሞቃት ምድር ይደርሳል። ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ ጭነቱን እንደያዘ የጨርጨርን ተራሮች በጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል። ፍጥነት፣ ሙቀትና ከባድ ጭነት በአንድነት የሚገናኙበት ይህ ጉዞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በከተማ ውስጥ ከፌርማታ ፌርማታ እየተጎተተ ዓመት የከረመ ጎማ ድካሙ የሚገለጠው በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ነው።

እምነት ወይስ መፈታተን

በዚያ ምሽት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ባለ ሚኒባሱ ችግሩን አልካደም፤ ነገር ግን በእጁ ያለው ገንዘብ ከሁለት ጎማ አያልፍም። ሌላ መኪና እንዳንከራይ የበዓል ዋዜማ ነውና ሁሉም ተይዟል። ከአባላቱ አንዱ፣ «ስንት ዓመት በዚሁ መኪና ስንሄድ የደረሰብን ነገር የለም፤ የምንሄደውም ወደ ገብርኤል ነው፤ እርሱ ያውቃል» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። ጉዞው እንዳይቀር ሠግቻለሁና «በእምነት እንነሣ» ልል ቃሉ ከአንደበቴ ደርሶ ነበር።

ይሁንና በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለሁ መምህራችን ደጋግመው ያስተማሩን ነገር ትዝ አለኝ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደተጻፈው፣ ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወደ ታች ጣል ባለው ጊዜ፣ የመላእክቱን ጠባቂነት ጌታ አልካደም። ነገር ግን ሰው አምላኩን ሊፈታተን እንደማይገባው መለሰ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ከጣራው ወድቆ የሰው ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። መከታ የሌለው ጣራ ለባለቤቱ ዕዳ ከሆነ፣ የሰው ልጆችን የተሸከመ ያለቀ ጎማ እንዴት ዕዳ አይሆንም?

የታኅሣሥ 19 በዓልም ራሱ ይህንኑ ያስተምራል። በዕለቱ የምናስበው አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእቶነ እሳት የዳኑበትን ተአምር ነው። እነዚህ ወጣቶች ወደ እሳቱ የገቡት መልአኩ ያድነን እንደሆነ እንይ ብለው በፈቃዳቸው አልነበረም። ለጣዖት አንሰግድም በማለታቸው በንጉሡ ትእዛዝ ታስረው ተጣሉ እንጂ። ማምለጫ በታጣበት ስፍራ መልአኩ ደረሰላቸው። እኛ ግን ማምለጫው ከሰፈራችን ጎሚስታ ቤት ተደርድሮ እያየነው ነበር።

ይህንን ከተናገርሁ በኋላ ጥቂት ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ እማማ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ዲያቆን፣ ያ የመጋረጃው ገንዘብ ለሁለት ጎማ ይበቃል?» አሉኝ።

«ይበቃል እማማ፤ ነገር ግን የስለት ገንዘብ ነው።»

«ስለቱ የኔ ነው። ቀኑን ቆርጬ አልተሳልኩም፤ ሐምሌም የገብርኤል ነው። የሰው ልጅ መንገድ ላይ ቀርቶ መጋረጃ ቢገባ ምን ደስ ይለዋል?»

ከአባላቱ ሁለቱ አጉረመረሙ። ስለት የማይነካ ነገር ነውና ማጉረምረማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔም በራሴ ሥልጣን መወሰን ስላልደፈርሁ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደን ጠየቅናቸው። አባታችንም ስለት መክፈል ግዴታ መሆኑን፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ጊዜውን ማሳለፍ እንደ መካድ እንደማይቆጠር ነገሩን። ገንዘቡም ለባለ ሚኒባሱ በስጦታ ሳይሆን በብድር እንዲሰጥ፣ እስከ ሐምሌም ተመልሶ እንዲገባ አዘዙ። እንዲሁም ተደረገ።

አሮጌው ጎማ ሲወልቅ

በማግሥቱ ጉዞውን በግማሽ ቀን አዘግይተን አራቱም ጎማዎች ተለወጡ። ጎሚስታው የኋለኛውን ጎማ ከቸርኬው አውልቆ ሲገለብጠው ከውስጡ እንደ በርበሬ የደቀቀ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። ይህ ዱቄት ጎማው ንፋስ ጎድሎት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ውስጡን በውስጡ እንደፈጨው የሚያሳይ ነው። ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ሙሉ የሆነው ያ ጎማ ከውስጥ አልቆ ነበር። ያጉረመረሙት ሁለቱ አባላትም ዱቄቱን በእጃቸው ነክተው ተመለከቱ።

ወጣቱ ጎሚስታ ስኮርታውንም እንዲወርድ ጠየቀ። ስኮርታው ከተሰቀለበት ሳይነካ ስለኖረ ንፋሱ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። በችግር ጊዜ ይደርስልኛል የተባለው ራሱ የሚደርስለት የሚያሻው ሆኖ ተገኘ።

አንድ ሌላ ትምህርትም ከዚያ ቀን ቀስሜአለሁ። አቅም አንሶ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚገዛ ሰው ከፊት እንዲገቡለት ይፈልጋል፤ መሪውን የሚይዙት እነርሱ ናቸውና። ባለሙያዎች ግን የተሻሉት ጎማዎች ከኋላ እንዲሆኑ ይመክራሉ። ምክንያቱም የፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሾፌሩ ፍጥነቱን በመቀነስ ሊመልሰው ይችላል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው በድንገት ዞሮ ከእጁ ይወጣል።

በጎዳናው ላይ

አዋሽ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ባለ ሚኒባሱ ወርዶ ጎማዎቹን ቢነካ ሞቀውታል፤ ግፊቱም ከጠዋቱ ጨምሯል። በአጠገባችን የቆሙ ሾፌሮች «ሙቀት ነው፤ ይፈነዳል» እያሉ ንፋስ ሲያስተነፍሱ አየና እርሱም ሊያስተነፍስ ጎንበስ አለ። ከጎሚስታው የሰማነውን ያስታወስሁት እኔ ነበርሁ።

የጎማ ንፋስ የሚለካው መኪናው ቆሞ ባደረበት፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። የሚሞላውም በጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ከፍተኛ ልክ ሳይሆን፣ በአብዛኛው በሾፌሩ በር ደፍ ላይ በተለጠፈው የመኪናው ሰሌዳ መሠረት ነው፤ ሙሉ ጭነት ሲኖር የተለየ ልክ የተጻፈ እንደሆነም እርሱን መከተል ይገባል። የአየሩ ሙቀት በየአምስትና ስድስት ዲግሪው ሲጨምር ግፊቱ በአንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። በታኅሣሥ ብርድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽ የደረሰ ጎማ ግፊቱ ቢጨምር ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማውም ይህንን እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። በሙቀቱ ጊዜ ንፋሱን ያስተነፈሰ ሾፌር ግን ጎማውን ንፋስ አጉድሎ ያሰናብተዋል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ደግሞ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ አብዝቶ ይሞቃል። ስለዚህ ሰው ፍንዳታን ሸሽቶ ወደ ፍንዳታ ይሄዳል። የሚሻለው ጥቂት ማረፍ፣ ጭነት ማቃለልና ፍጥነት መቀነስ ነው። እኛም ከጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት አርፈን ተነሣን።

ከሚኤሶ ወዲያ በመንገዱ ዳር የተቦጫጨቁ የጎማ ቁርጥራጮች እዚህም እዚያም ወድቀው አየን። እማማ በመስኮቱ እያዩ ያማትቡ ነበር። ባለ ሚኒባሱም ጎማ ቢፈነዳ ሾፌር ምን ማድረግ እንዳለበት ነገረን። ፍሬን በድንገት መርገጥ ትልቅ ጥፋት ነው፤ መኪናውን ያዞረዋል። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ ቀጥ ማድረግ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መኪናው በራሱ ሲበርድ ወደ ዳር ማውጣት ይገባል። ተሳፋሪውም በዚያች ቅጽበት ሾፌሩ ላይ ባይጮህበት ትልቅ እርዳታ ነው።

በሰላም ደርሰን፣ በዓሉን አክብረን፣ በሰላም ተመለስን። በአሮጌዎቹ ጎማዎች ብንሄድ ምን ይደርስብን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል፤ ምናልባት ምንም ላይደርስብን ይችል ነበር። እኛ ግን ሰው ሆነን ማድረግ የሚገባንን አድርገን ስለተጓዝን በቅዳሴው ጊዜ ልባችን ያረፈ ነበር።

ለተሳላሚው

ባለ ሚኒባሱ ብድሩን ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ከሰኔ በፊት ጨረሰ። እማማም ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. መጋረጃቸውን በእጃቸው ይዘው ቁልቢ ገቡ። ሐምሌ ክረምት በመሆኑ የዚያ ጉዞ ፈተና የተለየ ነው። በታኅሣሥ የሚያሰጋው የቆላው ሙቀትና የጎማው እርጅና ሲሆን፣ በክረምት የሚያሰጋው የጥርሱ ማለቅ ነው። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውኃን በቦዮቹ ገፍቶ ማስወጣት ነውና፤ ያለቀ ጎማ በውኃው ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በዝናብ ለሚጓዝ ሰው 1.6 ሚሊ ሜትር ሳይጠበቅ 3 ሚሊ ሜትር ላይ መለወጥ እንደሚሻል ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ወደ ቁልቢም ሆነ ለልደት ወደ ላሊበላ፣ ለመስቀሉ በዓል ወደ ግሸን ወይም ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም የምትጓዙ ምእመናን ሆይ፤ ምርመራውን ለመነሻው ዕለት አታቆዩት። ጎዶሎ ቢገኝ ለመግዛትም ሆነ ለመበደር ጊዜ እንዲኖር ከሳምንት በፊት ይደረግ። ጥርሱን በሦስት ስፍራ ለኩት፤ የተሠራበትን ዘመን አንብባችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ጎኑን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ስንጥቅና እብጠት ፈልጉ፤ ስኮርታውን አስወርዳችሁ ንፋሱን አስለኩ፤ ክሪኩና የብሎን መፍቻው መኖራቸውን አረጋግጡ። የተከራያችሁት መኪና ከሆነም ባለቤቱን መጠየቅ አትፈሩ። ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ሾፌሩም ቢሆን የሚመለስበት ቤትና የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

መርምራችሁ ጎማው የማይታመን ሆኖ ከተገኘና መለወጫ ከታጣ ደግሞ፣ ለዓመቱ መቅረት ውርደት አይደለም። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ጸሎቱ ከመንገድ አይቀርም። ስለት ለሐምሌ ይቆያል፤ ለከርሞም ይደርሳል።

በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።